ማዳበሪያና ማዕቀብ፤ ፈቃዱ ከዘር ወቅት በኋላ ሲደርስ

ባለፉት ጥቂት ዓመታት በገጠር ስብሰባዎች ላይ «ማዕቀብ» የሚለው ቃል ደጋግሞ ሲነሣ እንሰማለን። ማዳበሪያ ሲዘገይ ማዕቀብ፣ የትራክተር መለዋወጫ ሲጠፋ ማዕቀብ፣ የከብት ክትባት ሲያልቅም ማዕቀብ ይባላል። እኔ ራሴ ሰኔ ከገባ በሦስተኛው ሳምንት በአንድ የኅብረት ሥራ ማኅበር መጋዘን ደጃፍ ቆሜ ሳለሁ፣ ከሌሊት ጀምረው አህያ እየነዱ የመጡ ገበሬዎች «ዩሪያው በማዕቀብ ምክንያት ተይዟል» ተብለው ባዶ እጃቸውን ሲመለሱ አይቻለሁ። ከመካከላቸው አንድ ሽማግሌ የማኅበሩን ሊቀመንበር «ልጄ፣ ይኼ ማዕቀብ የሚሉት ነገር ሰውን ነው የሚይዘው ወይስ ማዳበሪያን?» ሲሉ ጠየቁት። ሊቀመንበሩ መልስ አልነበረውም። እውነቱን ለመናገር በዚያን ሰዓት እኔም አልነበረኝም።

ጥያቄው ግን ትክክለኛ ጥያቄ ነው። የገበሬ ማኅበር መሪዎችም መልሱን ማወቅ ይገባቸዋል፤ ምክንያቱም በማዕቀብ ስም የሚነገረው ሁሉ ማዕቀብ አይደለም፤ ማዕቀብ የሆነውም ቢሆን በሕጉ ውስጥ ለእህል፣ ለመድኃኒትና ለማዳበሪያ የተተወ በር አለው። በሩ መኖሩን የማያውቅ ሰው በተዘጋ አጥር ፊት ቆሞ ይቀራል።

ማዕቀብ ማለት አንድ መንግሥት ወይም የተባበሩት መንግሥታት የጸጥታው ምክር ቤት፣ ሌላውን አገር ወይም በስም የተዘረዘሩ ሰዎችንና ድርጅቶችን ከንግድና ከባንክ አገልግሎት በመዝጋት አካሄዳቸውን እንዲለውጡ የሚያስገድድበት መሣሪያ ነው። ነገሩን በቅርብ ለመረዳት በየገበሬ ማኅበሩ ያለውን የተከለለ ተራራ እናስብ። የመተዳደሪያ ደንቡ ወደ ክልሉ ከብት ማስገባትና እንጨት መቁረጥ ክልክል ነው፤ የገባም ይቀጣል ይላል። እዚያው ደንብ ላይ «ሣር በማጭድ አጭዶ መሸከም ይቻላል» የሚል ቃል ከተጻፈ ግን ማንም ሰው ኮሚቴውን መለመን ሳያስፈልገው ማጭዱን ይዞ ይገባል። በማዕቀብ ሕግ ይህን የመሰለው ቃል ከክልከላው ነፃ የተደረገ ነገር ይባላል። ደንቡ ይህን ሳይጽፍ «ኮሚቴው ሲያምንበት ለችግረኛ ሊፈቅድ ይችላል» ብቻ ካለ ነገሩ ሌላ ነው። ላሟ የምትራብባት መበለት ማመልከቻ ታጽፋለች፤ ኮሚቴው እስኪሰበሰብ ትጠብቃለች፤ ሊቀመንበሩ ለቅሶ ሄደዋል ትባላለች፤ በዚህ መካከል ሣሩ ይደርቃል። ይኸኛው ልዩ ፈቃድ ነው። በወረቀት ላይ ሁለቱም በጎ ይመስላሉ። በመሬት ላይ ግን አንዱ ሣር ሲሆን ሌላው ተስፋ ብቻ ነው።

በዚህ ላይ ዘበኛው አለ። ዘበኛው ከብት ያስገባ እንደሆነ ደመወዙን እንደሚቀጣ ተነግሮታል፤ ሣር አጫጁን ቢመልስ ግን የሚጠይቀው የለም። ስለዚህ ማጭድ የያዘውንም በሬ የሚነዳውንም አንድ ላይ ይመልሳል። የዓለም ባንኮች፣ የመርከብ ድርጅቶችና የመድን ኩባንያዎች እንደዚህ ዘበኛ ናቸው። ፍርሃታቸውም ያለ ምክንያት አይደለም። ቢኤንፒ ፓሪባ የተባለው ትልቅ የፈረንሳይ ባንክ ለሱዳን፣ ለኢራንና ለኩባ የተከለከለ የገንዘብ ዝውውር ፈጽመሃል ተብሎ በሰኔ 2006 ዓ.ም. ለአሜሪካ 8.9 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ለመክፈል ተስማምቷል። ይህን ያየ የባንክ ሠራተኛ ከአንድ መርከብ ማዳበሪያ የሚያገኘውን ትንሽ ኮሚሽን ከዚህ ቅጣት ጋር ሲመዝነው «ይቅርብን» ቢል የሚያስደንቅ አይሆንም። ሕጉ ፈቅዶ ሳለ ዘበኛው ይከለክላል። ለዚህም ነው ማዕቀብ የሚጥሉት መንግሥታት «እኛ ማዳበሪያ አልከለከልንም» ሲሉ፣ ገበሬው ደግሞ «አልደረሰኝም» ሲል ሁለቱም እውነት የሚናገሩት።

ከሁሉ ይልቅ ለገበሬ ግልጽ የሆነው ምሳሌ የማላዊ ነው። ሩሲያ በየካቲት 2014 ዓ.ም. ዩክሬንን በወረረች ጊዜ የአውሮፓ ኅብረት በብዙ ሩሲያውያን ባለሀብቶች ላይ ማዕቀብ ጣለ። ከእነርሱ አንዱ ኡራልኬም ከተባለው ትልቅ የማዳበሪያ ድርጅት ጋር የተያያዘ ሰው ነበር። የማዳበሪያ ንግድ በጠቅላላው አልተከለከለም፤ ወደ አፍሪካ መላክም አልተከለከለም። ነገር ግን ሰውየው በስም ስለተዘረዘረ የእርሱ ነው የተባለ ንብረት ሁሉ ባለበት እንዲቆም ተደረገ። በዚህም ምክንያት በአውሮፓ ወደቦች መጋዘን ውስጥ የነበረ ወደ 260 ሺህ ቶን ማዳበሪያ፣ ማለትም 2.6 ሚሊዮን ኩንታል፣ ሳይንቀሳቀስ ቆመ። ድርጅቱ ማዳበሪያውን ለአፍሪካ አገሮች በነፃ እሰጣለሁ አለ። ነፃ መሆኑ ብቻ ግን በሩን አልከፈተም፤ የተባበሩት መንግሥታት፣ ወደቡ የሚገኝበት አገር መንግሥትና የዓለም የምግብ ፕሮግራም ብዙ ወራት ተነጋገሩ። በመጨረሻ 20 ሺህ ቶን የጫነ መርከብ ኅዳር 20 ቀን 2015 ዓ.ም. ከኔዘርላንድ ወደ ሞዛምቢክ የቤይራ ወደብ ተነሣ፤ ከዚያም በየብስ ወደ ማላዊ ተጓዘ። የማላዊ መንግሥት ማዳበሪያውን በይፋ የተረከበው በየካቲት መጨረሻ ነው።

አሁን እንደ ገበሬ እንቁጠር። ማላዊ ውስጥ በቆሎ የሚዘራው ዝናቡ ሲጀምር በኅዳርና በታኅሣሥ ነው። መርከቡ ከአውሮፓ ሲነሣ የማላዊ ገበሬ ዘሩን ይዞ ማሳ ላይ ነበር። ማዳበሪያው ሲደርስ በቆሎው አሽቶ ነበር። ለኬንያ የተመደበው 34 ሺህ ቶን ደግሞ ከላትቪያ ተነሥቶ ሞምባሳ የደረሰው በ2015 ዓ.ም. ግንቦት ነው፤ እዚያም ረጅሙ ዝናብ ከጀመረ ሰንብቶ ነበር። በእርግጥ ማዳበሪያ እንደ ወተት አይደለም፤ ደረቅ ቦታ ከተቀመጠ ለሚቀጥለው ወቅት ይሆናል። የተሰጠውም ስጦታ ነውና ምስጋና ይገባዋል። ያን ዓመት ያለ ማዳበሪያ የዘራውን ማሳ ግን የሚመልስ ነገር የለም።

የአውሮፓ ኅብረት ስሕተቱን ለማረም ታኅሣሥ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ባወጣው ውሳኔ፣ በምግብና በማዳበሪያ ንግድ ከፍተኛ ድርሻ የነበራቸውን አንዳንድ የተዘረዘሩ ሰዎች ንብረት አባል መንግሥታት እንዲለቅቁ የሚያስችል ቃል ጨመረ። ቃሉ ግን «መልቀቅ ይቻላል» የሚል እንጂ «ይለቀቃል» የሚል አልነበረም። ከላይ እንዳልነው ኮሚቴው ሲያምንበት ማለት ነው።

ይህ የኮሚቴ ነገር አዲስ አይደለም። ኢራቅ ኩዌትን በወረረች ጊዜ የጸጥታው ምክር ቤት ሐምሌ 30 ቀን 1982 ዓ.ም. ባሳለፈው ውሳኔ 661 የአገሪቱን ንግድ ከሞላ ጎደል ሙሉ በሙሉ ዘጋ። ከክልከላው ነፃ የተደረገው መድኃኒት፣ እንዲሁም ሰብዓዊ ችግር ሲኖር ምግብ ነበር። ችግር መኖሩን የሚወስን ኮሚቴ ተቋቋመ፤ 15ቱም የምክር ቤቱ አባላት የሚገኙበትና ካልተስማሙ የማይወስን ኮሚቴ ነው። አንድ አባል «ይቆይ» ካለ ዕቃው ይቆያል። ኢራቅ ነዳጅ ሸጣ ምግብ እንድትገዛ የሚፈቅደው ውሳኔ 986 የወጣው በሚያዝያ 1987 ዓ.ም. ሲሆን፣ ሁለቱ ወገኖች በአፈጻጸሙ ሲከራከሩ ነዳጁ መፍሰስ የጀመረው በታኅሣሥ 1989፣ የመጀመሪያው ምግብ የደረሰው በመጋቢት 1989 ዓ.ም. ነው። ከፈቃዱ እስከ እንጀራው ሁለት ዓመት ሊሞላ ጥቂት ቀርቶት ነበር።

ስለ ከብቶቹም እናንሣ። ኢራቅ በዳውራ የአፍተግር ክትባት ማምረቻ ነበራት። ማምረቻው ለጦር መሣሪያ የሚሆን መርዝ ለመሥራት ጭምር ውሎ ስለነበር የተባበሩት መንግሥታት መርማሪዎች ከሥራ ውጭ አደረጉት። ምክንያታቸው ውሸት ነበር ማለት አይቻልም። ነገር ግን በ1991 ዓ.ም. አፍተግር በአገሪቱ በገባ ጊዜ ክትባቱ እጅ ላይ አልነበረም፤ እጅግ ብዙ ከብትና በግ ተጠቃ። ላሟ የታመመችበት ገበሬ ስለ መርዙ የሚያውቀው ነገር አልነበረም።

ወደ ራሳችን አገር እንመለስ፤ እኛም ይህን ጉዳይ ከውጭ ሆነን የምናየው አይደለም። በ1967 ዓ.ም. የውጭ ኩባንያዎች ንብረት በመንግሥት ሲወረስ ካሳ ያልተከፈላቸው አሜሪካውያን ነበሩ፤ ከእነርሱም አንዱ ከሚሺጋን ግዛት የመጣና ቅመም ጨምቆ የሚያወጣ ካላማዙ ስፓይስ የሚባል ኩባንያ ነው። በአሜሪካ ሕግ የዜጎቿን ንብረት ወርሶ ካሳ ያልከፈለ መንግሥት የልማት ዕርዳታ አያገኝም። በዚህ መሠረት በ1971 ዓ.ም. የልማቱ ዕርዳታ ተቋረጠ። ሕጉ ግን ለድንገተኛ አደጋ የሚሆን ዕርዳታን ነፃ አድርጎ ነበርና በ1977 ዓ.ም. ረሃብ ጊዜ ከአሜሪካ ብዙ እህል መጣ፤ ሕይወትም አዳነ። ይህን መካድ ነውር ነው።

ይሁን እንጂ ሕጉ ያሰመረው መሥመር በገበሬው ማሳ መካከል አለፈ። ለሆድ የሚሆን ስንዴ ዕርዳታ ነው፤ ይገባል። ግድብና መስኖ ልማት ነው፤ አይገባም። እሺ፣ የውኃ ጉድጓድ መቆፈርስ? በረሃቡ ጊዜ ዘሩን ቆልቶ የበላ ገበሬ ዘር ሲሰጠው ዕርዳታ ነው ወይስ ልማት? በሬው የሞተበትስ? የዚያን ጊዜ የዕርዳታ ሠራተኞች እንዲህ ያለውን ነገር ሲከራከሩበት የኖሩት ከስንፍና የተነሣ አልነበረም፤ ሕጉ ራሱ ገበሬን ተመጽዋች ሆኖ ሲመጣ ያውቀዋል፣ አራሽ ሆኖ ሲመጣ ግን አያውቀውም ነበርና ነው። የአሜሪካ ምክር ቤት በዚያው ዓመት ከዕለት ቀለብ አልፎ ለመልሶ ማቋቋም ጭምር የሚውል ገንዘብ ለአፍሪካ ረሃብ መደበ፤ ይህም መሥመሩን በጥቂቱ ገፋው። የካሳው ጉዳይ የተዘጋው በታኅሣሥ 1978 ዓ.ም. ኢትዮጵያ 7 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ስትስማማ ነው። በእኔ አስተያየት የማዕቀብን ሕግ የምንመዝንበት ዋናው ሚዛን እዚህ ላይ ነው፤ ነፃ የሚያደርገው የሚበላውን እህል ብቻ ነው ወይስ የሚዘራውንም?

ጎረቤታችን ሶማሊያ ደግሞ ሌላ ትምህርት ሰጥታለች። አልሸባብ በ2000 ዓ.ም. በአሜሪካ የአሸባሪዎች መዝገብ ከገባ በኋላ፣ ቡድኑ በያዘው አካባቢ የሚሠሩ የዕርዳታ ድርጅቶች አንድ ጆንያ እህል በእነዚያ ሰዎች እጅ ቢወድቅ በወንጀል እንከሰሳለን ብለው ፈሩ። ሐምሌ 13 ቀን 2003 ዓ.ም. ረሃብ መግባቱ በይፋ ሲታወጅ አሜሪካ ደንቧን ላላ አደረገች። በዚያ ረሃብ ወደ 260 ሺህ የሚጠጋ ሕዝብ እንዳለቀ ኋላ የተደረገ ጥናት ገምቷል፤ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ከ5 ዓመት በታች ሕፃናት ናቸው። ጥፋቱን ሁሉ በሕጉ ላይ መጫን ትክክል አይሆንም፤ ድርቁ ነበር፣ ጦርነቱ ነበር፣ አልሸባብም ራሱ የዕርዳታ ድርጅቶችን ያባርር ነበር። ነገር ግን ደንቡ የላላው ከታወጀ በኋላ መሆኑን ማስታወስ ያስፈልጋል።

ይህን ሁሉ ካየ በኋላ የጸጥታው ምክር ቤት ኅዳር 30 ቀን 2015 ዓ.ም. ውሳኔ 2664ን አሳለፈ። 14 አባላት ደገፉት፤ ሕንድ ድምፅ ከመስጠት ተቆጠበች። በዚህ ውሳኔ መሠረት የተባበሩት መንግሥታት በሚያዝዘው የንብረት እገዳ ሁሉ ለሰብዓዊ ዕርዳታና ለሰው መሠረታዊ ፍላጎት የሚውል ገንዘብና ዕቃ ከእገዳው ነፃ ነው፤ በየጊዜው ማመልከት ቀረ። አሜሪካም ታኅሣሥ 11 ቀን ይህንኑ የሚከተሉ ፈቃዶች አወጣች። ትልቅ እርምጃ ነው ብዬ አምናለሁ። ደንቡ ላይ «ሣር ማጨድ ይቻላል» ተብሎ የተጻፈበት ቀን ነው።

ሆኖም የውሳኔውን ቃል በጥንቃቄ ያነበበ ሰው አንድ ነገር ያስተውላል። ውሳኔው የሚጠብቀው የዕርዳታ ድርጅቶችን ነው። በገዛ ገንዘቡ ማዳበሪያ የሚገዛ የገበሬዎች ዩኒየን ዕርዳታ አይደለም፤ ነጋዴም ገዢም ነው። ለእርሱ የሚሠራው የእያንዳንዱ አገር ሕግ ነው። በዚህ በኩል የአሜሪካ ሕግ ከ1993 ዓ.ም. ወዲህ ምግብና መድኃኒትን በተመለከተ የተሻለ አቋም ይዟል። ቢሆንም እጁን ዘርግቶ የሚቀበል ሰው ሠርቶ ከሚገዛ ሰው የበለጠ የሕግ ከለላ ማግኘቱ ከ1977ቱ መሥመር ብዙ የራቀ አይደለም።

አሁን የሽማግሌውን ጥያቄ ልመልስ። በሰሜኑ ጦርነት ምክንያት የአሜሪካ ፕሬዚዳንት መስከረም 7 ቀን 2014 ዓ.ም. ስለ ኢትዮጵያ አንድ የማዕቀብ ትእዛዝ አወጣ። ትእዛዙ አገሪቱን በጠቅላላ የሚዘጋ አልነበረም፤ በስም ለሚዘረዘሩ ሰዎችና ድርጅቶች የተዘጋጀ ነበር። ኅዳር 3 ቀን 2014 ዓ.ም. በትእዛዙ መሠረት የተዘረዘሩት 4 ድርጅቶችና 2 ግለሰቦች የኤርትራ ነበሩ። ከትእዛዙ ጋር በአንድ ቀን የአሜሪካ ገንዘብ ሚኒስቴር ሦስት አጠቃላይ ፈቃዶች አወጣ፤ አንደኛው ለዓለም አቀፍ ድርጅቶች፣ ሁለተኛው ለግብረ ሰናይ ድርጅቶች፣ ሦስተኛው ለእርሻ ምርቶችና ለመድኃኒት ነው። በዚህ በሦስተኛው ፈቃድ የእርሻ ምርት የሚባለው ምን እንደሆነ ተጽፏል፤ ለሰውና ለከብት የሚሆን ምግብ፣ የምግብ ሰብል ዘር፣ ማዳበሪያ፣ እንዲሁም ለእርባታ የሚውል ዘረመል፣ ለምሳሌ ለሰው ሠራሽ ማዳቀል የሚሆን አባለ ዘር ይገኝበታል። ስለዚህ አባቴ፣ ማዕቀቡ ሰውን ነው የሚይዘው፤ ማዳበሪያን አይደለም። ማዳበሪያው የሚያዘው የተያዘ ሰው ንብረት ሆኖ ሲገኝ፣ ወይም ዘበኛው ሲፈራ ነው። በዚህ ትእዛዝ ድርጅት የሚያዘው ራሱ በስም ሲዘረዘር እንጂ የተዘረዘረ ሰው ድርሻ ስላለበት ብቻ አይደለም፤ በሌሎች ብዙ የአሜሪካ ማዕቀቦች ግን ከድርጅቱ 50 በመቶና ከዚያ በላይ የተዘረዘረ ሰው ድርሻ ከሆነ ድርጅቱም እንደተዘረዘረ ይቆጠራልና የሻጩን ባለቤት ማወቅ ያስፈልጋል።

በዝርዝሩ ውስጥ የፀረ ተባይ መድኃኒት ስም አናገኝም፤ ትራክተርም የለም። መለዋወጫ የሚል ቃል አለ፤ የሕክምና መሣሪያ መለዋወጫ ነው። በ2014ቱ ትእዛዝ አገር ስላልተዘጋ ይህ ጉድለት ብዙ አልጎዳንም። ነገ ሌላ ትእዛዝ በሌላ መልክ ቢወጣ ግን ተምች የወረረው ማሳ መርጫ መሣሪያውን ከየት ያገኛል? ይህ ዝርዝር ሲጻፍ ገበሬ በአጠገቡ የነበረ አይመስለኝም።

ፈቃድ ሲሰፋ መሸሸጊያ ይሆናል የሚሉ ሰዎች አሉ፤ መከራከሪያቸውም ባዶ አይደለም። በኢራቁ የነዳጅ ለምግብ ፕሮግራም ከ2,200 የሚበልጡ ኩባንያዎች ለሳዳም ሁሴን መንግሥት ጉቦና ሕገ ወጥ ክፍያ መክፈላቸውን፣ መንግሥቱም በዚህ መንገድ 1.8 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ማግኘቱን በፖል ቮልከር የተመራው አጣሪ ኮሚቴ በጥቅምት 1998 ዓ.ም. አስታውቋል። ልብ እንበል፤ ይህ የሆነው እያንዳንዱ ውል በኮሚቴ ፊት በሚያልፍበት ሥርዓት ውስጥ ነው። ኮሚቴው የክትባቱን ሣጥን ሲመረምር ጉቦው በጎኑ አለፈ። ሌባ የሚያዘው ሒሳብ በመመርመር እንጂ ዘር በማዘግየት አይደለም።

እንግዲህ የገበሬ ማኅበርና የኅብረት ሥራ መሪዎች «በማዕቀብ ምክንያት» የሚል መልስ ሲሰጣቸው ዝም ብለው መቀበል የለባቸውም። የማን ማዕቀብ? በማን ስም ላይ? የተከለከለው ዕቃው ነው፣ ሻጩ ነው ወይስ ባንኩ ነው ገንዘቡን አላስተላልፍም ያለው? እነዚህን ጥያቄዎች በጽሑፍ ለዩኒየኑና ለወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት ማቅረብ ይቻላል፤ በቃለ ጉባኤም መያዝ አለባቸው። መልሱ የውጭ ምንዛሪ እጥረት ሊሆን ይችላል፤ ጨረታው መዘግየቱ ሊሆን ይችላል፤ ከጅቡቲ የሚያነሣ መኪና መጥፋቱ ሊሆን ይችላል። እነዚህ ሁሉ እዚሁ የሚታረሙ ናቸው። ባንኩ ከሆነ ደግሞ ገዢው ድርጅት ፈቃዱን ጠቅሶ ከሻጩና ከባንኩ ጋር መነጋገር ያለበት በጥቅምትና በኅዳር ነው፤ በሰኔ አይደለም።

ሌላው የወረቀት ጉዳይ ነው። የዕርዳታ ድርጅቶች ዘር ወይም ከብት ሲያከፋፍሉ የተቀባዮችን ስም ዝርዝር፣ ፊርማና የመጋዘን ደረሰኝ አጥብቀው ይጠይቃሉ፤ መሪዎችም በዚህ ይማረራሉ። ምሬቱ ይገባኛል፤ በእርሻ ወቅት ስም ሲጽፉ መዋል አሰልቺ ነው። ነገር ግን ለጋሹ አገር ዕቃው ለማን እንደደረሰ ሲጠይቅ ድርጅቱ የሚያሳየው ያንን የቀበሌ ዝርዝር ነው፤ ዝርዝሩ የተምታታ ከሆነ በሚቀጥለው ዓመት ፈሪው ዘበኛ የሚመልሰው ያንን ቀበሌ ነው። ከዚያ መጋዘን ደጃፍ የተመለሱት ገበሬዎች ዩሪያቸውን ያገኙት ሐምሌ ሊያልቅ ሲል ነበር። ሊቀመንበሩ ዕቃው የዘገየበትን ምክንያት የሚገልጽ ደብዳቤ ጠይቆ እስካሁን አልተሰጠውም፤ የጠየቀበትን ደብዳቤ ቅጂ ግን በማኅበሩ ፋይል አስቀምጦታል።